እርማት፦ ቴርሞሜትሩ ባይነቃነቅም ኢንትሮፒ ይጨምራል

«የሙቀት መጠን ካልጨመረ ኢንትሮፒ አይጨምርም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ኢንትሮፒ የአንድ ነገር ሞለኪውሎች ሊይዟቸው የሚችሉት አቀማመጦች ምን ያህል ብዙ እንደሆኑ የሚለካ መጠን ነው። ደሴ ላይ የተጣደ ድስት ውሰዱ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ በኬልቪን (ሊኖር ከሚችለው ዝቅተኛ ሙቀት ጀምሮ በሚቆጥረው መለኪያ) 365 ላይ ነው። ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታነዱትም ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም። 1 ኪሎ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ግን 2,280 ኪሎጁል ያህል ይወስዳል። የኢንትሮፒ ጭማሪ የሚገኘው የገባው ሙቀት በኬልቪን ለተለካው የሙቀት መጠን ሲካፈል ነው፤ ይህን ለ365 ስናካፍል ጭማሪው በአንድ ኬልቪን 6.2 ኪሎጁል ይሆናል፤ ለእንፋሎቱ ሞለኪውሎች የሚቻሉት አቀማመጦች እጅግ በዝተዋላ! በሴልሺየሱ 92 ካካፈላችሁ ግን ስሌቱ ከመነሻው ተበላሸ።

ኢንትሮፒ ኢነርጂም አይደለም። 100 ጁል ከ365 ኬልቪን ድስት ወደ 290 ኬልቪን አየር ሲያልፍ ኢነርጂው ያው 100 ነው፤ ድስቱ ግን 0.274 ጁል በኬልቪን ኢንትሮፒ ሲያጣ አየሩ 0.345 ያገኛል፤ ኢነርጂው ሳይጨምር ጠቅላላው ኢንትሮፒ ጨመረ ማለት ነው።