ማስተካከያ፦ 17 ሚሊዮኑ ተመልካች የቃለ ምልልሱ ነው

ስለ ቀድሞዋ የኦሎምፒክ አሸናፊ ኬትሊን ጄነር ሕይወት የተሠራው «አይ አም ኬት» የተባለው የአሜሪካ ሪያሊቲ ሾው 17 ሚሊዮን ተመልካች ነበረው የሚል መረጃ ሲዘዋወር ቆይቷል። ትክክል አይደለም።

ወደ 17 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያየው ጄነር ትራንስጀንደር (ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው የተለየ ጾታ ያላቸው ሰዎች የሚጠሩበት) መሆኗን ለጋዜጠኛ ዳያን ሶየር የተናገረችበትን ቃለ ምልልስ ነው። ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያስተላለፈው በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2015 ነበር። «አይ አም ኬት» የጀመረው ከሦስት ወር በኋላ፣ ኢ! በተባለ የኬብል ቻናል ነው። የመጀመሪያውን ክፍል 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሰው አየው። ከሁለት ምዕራፍ በኋላ፣ በ2016፣ ተቋረጠ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቃለ ምልልሱን ያየው ሰው አንድ ትልቅ ዜና ሊሰማ ቁጭ ያለ ነው። በየሳምንቱ ሰዓት ጠብቆ የሚከታተል ተመልካች ሌላ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ሁሉ በተሳሳተ ሚዛን ማስቀመጥ ነው።

ለንጽጽር በየሳምንቱ የሚታየውን የአሜሪካ የውድድር ሾው «ሩፖልስ ድራግ ሬስ»ን እንይ። ተወዳዳሪዎቹ በደመቀ የሴት አለባበስና ሜካፕ መድረክ ላይ ይፎካከራሉ። በ2009 ሎጎ በተባለ አነስተኛ ቻናል ሲጀምር ብዙም ወሬ አልነበረውም። በ2017 ወደ ቪኤችዋን ቻናል ሲዛወር ግን የ9ኛው ምዕራፍ መክፈቻ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልካች አገኘ። በ2018 ደግሞ በምርጥ የውድድር ፕሮግራም ዘርፍ ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰደ።