የውሻ አለርጂ ሕክምና፦ ዓመት ሳይሞላው አይፈረድበት

መዳፉን ሲልስ፣ ጆሮውን ሲያክ፣ ፊቱን ከምንጣፍ ጋር ሲፈትግ ለሚውል ውሻ ቶሎ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ነው። ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ሲቋረጥ ግን ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ደግሞ ጥማትና ሽንት ያበዛል፣ ቆዳ ያሳሳል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። የበሽታውን አካሄድ ራሱን የሚለውጥ ሕክምና አለ፤ ውሻው የሚቆጣበትን ነገር፣ ለምሳሌ የአበባ ብናኝን ወይም ሻጋታን፣ በጥቂት በጥቂቱ በመርፌ እየሰጡ የሰውነቱን መከላከያ ማለማመድ ነው። ይህ ሕክምና "አይሠራም" መባሉ ያሳዝነናል፤ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በአጀማመሩ ወይም ያለጊዜው በመቋረጡ ነውና።

የመጀመሪያው ስህተት የአለርጂ ምርመራን ማስቀደም ነው። የደምም ሆነ የቆዳ ምርመራ "ይህ ውሻ አለርጂ አለበት?" ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ ጤነኛ ውሾችም አዎንታዊ ውጤት ያሳያሉ። አስቀድሞ በቤቱ ባሉት እንስሳት ሁሉ ላይ ቁንጫን ማጥፋት፣ የእከክ ተባይን ማከም፣ ከቆዳው ናሙና ወስዶ ባክቴሪያና እርሾን በማይክሮስኮፕ መፈለግ ያስፈልጋል። ከዚያ የምግብ አለርጂ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ቢያንስ ለ8 ሳምንት ውሻው ቀምሶት የማያውቀውን ፕሮቲን ብቻ መመገብ ነው። አንዲት ቁራሽ ሥጋ ወይም ጣዕም የተጨመረበት ክኒን ሙከራውን ያበላሸዋል። ምርመራው የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ የሚወጋውን ለመምረጥ ብቻ ነው። የቆዳ ምርመራ ከመደረጉ 2 ሳምንት ገደማ ቀድሞ የሚዋጥ ስቴሮይድ መቆም አለበት።

መድኃኒቱ ሲቀመም የሻጋታ ቅምም ከአበባ ብናኝ ጋር በአንድ ብልቃጥ ባይቀላቀል ይመረጣል፤ በሻጋታው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ብናኙን ያፈርሱታል። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ አይወጋም።

መጠኑ በየጥቂት ቀኑ ከፍ እያለ ሄዶ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ በሚሰጥ ቋሚ መጠን ይረጋል። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ የመመሪያ ወረቀቱን እንደ ሕግ ይይዙታል። ከመርፌው ማግስት ማሳከኩ ከባሰ መጠኑ በዝቷል፣ ይቀነስ። ቀጣዩ መርፌ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ከተመለሰ ልዩነቱ ረዝሟል፣ ይጠር። ይህን ለመለየት ባለቤቱ መርፌ የተሰጠበትን ቀንና የማሳከኩን ደረጃ ከ0 እስከ 10 እየመዘነ ቢመዘግብ ከማንኛውም ላቦራቶሪ ይበልጥ ሐኪሙን ይረዳል። ፊት ማበጥ፣ ማስመለስ ወይም መዝለፍለፍ ከታየ ግን ወዲያው ወደ ሐኪም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መርፌዎች ክሊኒክ ውስጥ ተሰጥተው ውሻው ቢያንስ ለ30 ደቂቃ የሚጠበቀው ለዚህ ነው።

ውጤቱ እስኪታይ እስከ 12 ወር ሊወስድ ስለሚችል ውሻው እየተሠቃየ ይጠብቅ ማለት ጭካኔ ነው። ሎኪቬትማብ የማሳከክ መልእክት የሚያስተላልፈውን ኢንተርሉኪን 31 የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ በወር አንዴ ተወግቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያስታግሳል። ዕድሜያቸው 12 ወር ለሞላ ውሾች ኦክላሲቲኒብ የተባለ ማሳከክ የሚያስታግስ ክኒንም አለ። ሁለቱም ምልክቱን እንጂ መነሻውን አይነኩም፤ ማሳከኩ ጋብ አለ ብሎ ዋናውን መርፌ ማቋረጥ ስህተት ነው።

ከዓመት በኋላ ማሳከኩና የሌሎች መድኃኒቶች መጠን በግማሽ ያህል ከቀነሱ ሕክምናው ለዓመታት፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ለውጥ ከሌለ ይቁም፤ በሌላ መድኃኒት ብቻ ይታከም።