3 ቅጂ? ምን በወጣን!

ባለፈው ሳምንት የ20 ብር ኦቾሎኒ ገዛሁ። የተጠቀለለው በመጽሐፍ ገጽ ነው። ገጽ 87 እና 88። አንዲት ልጅ አውቶቡስ ተራ ቆማ ሰው ትጠብቃለች። ሰውየው ይምጣ ይቅር ሳይታወቅ ገጹ አለቀ። አላስችል አለኝና ሌላ የ20 ብር ገዛሁ። ገጽ 11 እና 12 ደረሰኝ። የልጅቷ አባትና እናት ገና አልተዋወቁም።

«የመጽሐፉ ስም ማን ነበር?» አልኩት ሻጩን።

«ወንድሜ፣ እኔ የምሸጠው ኦቾሎኒ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። እንዲያውም ለደራሲዎቻችን ምስጋና ለማቅረብ ያነሳሳኝ እሱ ነው።

መጽሐፍ መመረቅ ላይ የሚያህለን የለም። አዳራሹ ይሞላል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ግጥም ይነበባል። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ለ40 ደቂቃ ሂስ ያቀርባል። መድረክ መሪውም ያችን ነገር ሳይል አይወርድም፦ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል!» ጭብጨባ። ማን እንደሚወርሰው ግን አይነገርም። ወራሹ ውጭ ኦቾሎኒ እየቆላ ነው።

ሕግ የሚባለው ነገር ደግሞ ነገረኛ ነው። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 50፣ አገር ውስጥ ከታተመ ጽሑፍ 3 ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ለኛው ወመዘክር፣ ይግባ አለ። ለምን ቢሉ፣ በዚህች አገር ምን ምን እንደታተመ የሚናገር መዝገብ እንዲኖር። ብሔራዊ ቢብሊዮግራፊ ይሉታል። ደራሲው ማን ነው፣ የት ታተመ፣ መቼ፣ ስንት ገጽ። ምን ዓይነት ወሬ መውደድ ነው?

ደራሲያችን ግን አይሞኝም። በምረቃው ዕለት 40 ቅጂ እየፈረመ ለወዳጅ ዘመድ ያድላል። ግማሹ ሳይገለጥ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ይሆናል። ይሁን፣ ለወዳጅ ነው። ግን ለልጅ ልጁ ተጠብቆ ለሚቆይበት ቦታ 3 ቅጂ? ያውም የታክሲ ከፍሎ? ምን በወጣው!

አንዳንዱ ሲሰጥም አሰጣጡን ያውቅበታል። የታተመበትን ዓመት አይጽፍም፤ መጽሐፉ እንዳያረጅ ይሆናል። የሚጽፈው ደግሞ «2008» ብሎ ይተወዋል። የኛ ይሁን የፈረንጅ አንባቢ ይገምት። የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት በ3 ሺህ ዘመን ታሪክ ውስጥ ምንም አይደለም። ከሁሉ የማደንቀው ግን የመጀመሪያ መጽሐፉ ላይ «ኃይሉ»፣ ሁለተኛው ላይ «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው ላይ «ሐይሉ» የሆነውን ነው። መዝገብ ላይ 3 ሰው ሆኖ ይገባል። ተተኪ ደራሲ ጠፋ የሚሉ ይፈሩ!

ይህን መዝገብ የሚባል አመል ያስለመዱን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቆጥረው ዝርዝር አሳተሙ። አልበቃቸውም፣ በ1920 አስፍተው ደገሙት። ያኔ ኮምፒውተር የለም። አዳማ ወርክሾፕ የለም፣ አበል የለም። በምን ሞራል እንደሠሩት እንጃ። በ1950ዎቹም ገነተ ልዑል ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በየዓመቱ የታተመውን መዘርዘር ጀምሮ ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው እኛን ሰነፍ የሚያስመስሉን።

ለነገሩ ምን አስጨነቀን? ፈረንጅ አለልን። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናይሮቢ ቢሮ አለው። የምሥራቅ አፍሪካን ኅትመት፣ የኛንም ጨምሮ፣ እየሰበሰበ ዋሽንግተን ይልካል፤ ይመዘግባልም። ወመዘክር 3 ቅጂ አልሰጥም ያለው ደራሲ መጽሐፉ ዋሽንግተን መግባቱን የሰማ ቀን ፌስቡክ ላይ ማየት ነው። «ሥራዬ የዓለም ቅርስ ሆነ!» ከሥሩ 600 «እንኳን ደስ አለህ»። የዲሲ ዘመዱ መደርደሪያው ድረስ ሄዶ ፎቶ ያነሳለታል።

የመቅደላ ብራናዎችም ቢሆኑ በ1860 ዓ.ም. ተዘርፈው ለንደን ገቡ። በ1877 እ.ኤ.አ. ካታሎግ ታተመላቸው። 10 ዓመት እንኳ አልሞላም። እንግዲህ መመዝገብ የፈለገ መጽሐፍ አቋራጩ የትኛው እንደሆነ ገብቶታል።

ያችን ልጅ ግን ከራሴ ላወጣት አልቻልኩም። እስካሁን አውቶቡስ ተራ ቆማለች። ርዕሱን አላውቅ፣ ደራሲውን አላውቅ፣ ምን ብዬ ማንን እጠይቃለሁ? ለኦቾሎኒ ሻጩ ስልኬን ሰጥቼዋለሁ። ገጽ 89 ሲደርስ ሳይጠቀልልበት እንዲደውልልኝ።

ኦቾሎኒ እንኳ አልወድም።