አጭሩ ውድድር የከባዱን ልምምድ ቦታ ይውሰድ እንጂ አይደረብበት

ለማራቶን የሚዘጋጅ ሯጭ በመሀል 5 ኪሎ ሜትር፣ 10 ኪሎ ሜትር ወይም ግማሽ ማራቶን ይወዳደር ወይስ ይቅርበት? ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ሁለት ጽንፍ ይሰማል። አንዱ ወገን ያገኘውን ውድድር ሁሉ ይሮጣል፤ ሌላው ደግሞ ዋናው ቀን እስኪደርስ የትኛውም መነሻ መስመር ላይ አትቁሙ ይላል። በሁለቱም አልስማማም። አጭር ውድድር ለማራቶን ትልቅ ስንቅ ነው። ነገር ግን ሲገባ ከሳምንቱ ከባድ ልምምዶች ቢያንስ አንዱን አስወጥቶ መግባት አለበት።

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሳምንቱ በተለምዶ ማክሰኞ ኢንተርቫል (በአጭር ዕረፍት የተቆራረጠ ፈጣን ሩጫ)፣ ሐሙስ ቴምፖ (ሳይቆራረጥ ጠንከር ባለ እኩል ፍጥነት የሚሮጥ)፣ እሑድ 30 ኪሎ ሜትር አለው እንበል። ቅዳሜ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ይመጣል። ሯጩ ምንም እንዲያመልጠው ስለማይፈልግ ሁሉንም ይሮጣል፤ በስድስት ቀን ውስጥ አራት ከባድ ቀን ማለት ነው። ከውድድር በኋላ የጡንቻ ሕመም የሚበረታው ከ1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ነው። ትንፋሽ ቶሎ ስለሚመለስ ግን ሰውየው ያገገመ ይመስለዋል። ጅማት ከሳንባ እኩል አያገግምም። በቀጣዩ ማክሰኞ ኢንተርቫል ላይ ባት የሚጨመደደው፣ ጠዋት ከአልጋ ሲወረድ የተረከዝ ጅማት የሚያነክሰው ከዚህ የተነሳ ነው።

ውድድሩ እሑድ ከሆነ ሳምንቱን እንዲህ ማስተካከል ይቻላል። የማክሰኞው ኢንተርቫል በግማሽ ይቀነስ፣ የሐሙሱ ቴምፖ ሙሉ በሙሉ ይቅር፣ ዓርብ ዕረፍት ይሁን። ቅዳሜ 20 ደቂቃ ሶምሶማ ተሮጦ በመጨረሻው ላይ 20 ሰከንድ የሚፈጁ አራት ፈጣን ሩጫዎች ይጨመሩ። በዕለቱ 3 ኪሎ ሜትር ማሟሟቂያ፣ 10 ኪሎ ሜትር ውድድር፣ ከዚያም 3 ኪሎ ሜትር ቀስ ያለ ሩጫ ሲደረግ በድምሩ 16 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ረጅሙ ሩጫ ወደሚቀጥለው እሑድ ይሻገራል። ለማገገሚያው፣ በተወዳደሩት በየ3 ኪሎ ሜትሩ አንድ ቀላል ቀን የሚለው ስሌት ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ10 ኪሎ ሜትር 3 ቀን፣ ለግማሽ ማራቶን 7 ቀን ይሆናል። ቁልቁለት የበዛበት መንገድ ከነበረ ግን እኔ ሁለት ቀን እጨምርበታለሁ፤ ቁልቁል መሮጥ ጭንን ክፉኛ ይጎዳልና።

በ16 ሳምንት ዝግጅት ውስጥ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ውድድር ይበቃል። የመጀመሪያው 5 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ሆኖ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ላይ ቢውል መልካም ነው። ግማሽ ማራቶኑ ከዋናው ቀን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብሎ ይሁን። ከሁለት ሳምንት ተኩል በፊት አንድ 10 ኪሎ ሜትር መጨመር ይቻላል፤ በመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ግን ምንም ውድድር አይኑር።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ግማሽ ማራቶኑ ነው። በዋናው ቀን የሚደረገው ጫማ፣ ካልሲና ቁምጣ፣ ከመነሻው 3 ሰዓት በፊት የሚበላው ቁርስ ሳይቀር እዚያው ይፈተናል። አንድ ጄል (በሩጫ መሀል የሚዋጥ፣ በትንሽ ከረጢት የታሸገ ወፍራም የስኳር ፈሳሽ) አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛል፤ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ለማግኘት በየ30 ወይም 35 ደቂቃው አንድ መውሰድ ያስፈልጋል። ጄል በውኃ እንጂ በስፖርት መጠጥ አይወሰድ። ስኳሩ ሆድ ውስጥ ይከማችና ማቅለሽለሽ ያመጣል። የወረቀት ኩባያ ሲቀበሉ አፉን ጨምቆ ማጥበብ ሳይደፋ፣ ትን ሳይል ለመጠጣት ይረዳል። በ35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይህን ለመማር መሞከር አጉል ነው።

የጂፒኤስ ሰዓትም እዚህ ይመርመር። የውድድር መንገድ የሚለካው ሊሮጥበት በሚቻለው አጭሩ መስመር ነው፤ ኩርባ ላይ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ተርቆ። በሰው መሀል ያንን መስመር ይዞ መዝለቅ ስለማይቻል፣ የሳተላይቱም ስሕተት ስለሚታከልበት፣ የግማሽ ማራቶኑ 21.1 ኪሎ ሜትር ሲያልቅ ሰዓቱ 21.35 ቢያሳይ አይገርምም። ሯጩ በሰዓቱ ላይ 5 ደቂቃ በኪሎ ሜትር እያየ ከሮጠ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ይገባኛል ብሎ 1 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይገባል። በማራቶን ልዩነቱ ከሁለት ደቂቃ ተኩል ያልፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰዓቱ በየኪሎ ሜትሩ በራሱ የሚመዘግበውን አውቶማቲክ ዙር ማጥፋትና በየኪሎ ሜትሩ ምልክት ላይ የዙር ቁልፉን በእጅ መጫን።

ውጤቱን ወደ ማራቶን መመንዘር ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በአንድ ርቀት ከተገኘ ሰዓት የሌላውን ርቀት ሰዓት የሚገምተው፣ የታወቀው የሪገል ቀመር፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱን በ2.085 ያባዛዋል፤ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሮጠ 3 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ገደማ ይሮጣል ማለት ነው። ቀመሩ ግን በቂ ኪሎ ሜትር መሠራቱን አስቀድሞ ይገምታል። በሳምንት ከ50 ኪሎ ሜትር በታች ለሚሮጥ ሰው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እንዲጨምርበት እመክራለሁ። ግማሽ ማራቶን ጡንቻ ውስጥ የተከማቸውን የስኳር ስንቅ (ግላይኮጅን) እስከ መጨረሻው አያሟጥጥም፤ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚመጣውን ድካም አያሳይም። በአንድ ጥሩ እሑድ ተደስቶ ያቀደውን ሰዓት በ10 ደቂቃ የሚያሳጥር ሯጭ ዋጋውን የሚከፍለው እዚያ ነው።

ሌላው አማራጭ ግማሽ ማራቶኑን በማራቶን ፍጥነት መሮጥ ነው። ከፊት 4፣ ከኋላ 5 ኪሎ ሜትር ሶምሶማ ሲጨመር 30 ኪሎ ሜትር ይሞላል፤ ማገገሚያውም ያጥራል። ይህ የሚሠራው ራሱን መግታት ለሚችል ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከፈጣኖቹ ኋላ መነሳት፣ የመጀመሪያዎቹን 2 ኪሎ ሜትሮች ከታቀደው 5 ሰከንድ አዘግይቶ መሮጥ፣ በመጨረሻዎቹ 3 ኪሎ ሜትሮችም ሌሎች ሲፈተለኩ አብሮ አለመፈተለክ ያስፈልጋል። በማሟሟቂያው ወቅት አረማመድን የሚቀይር ሕመም ከተሰማ ደግሞ፣ የመወዳደሪያ ቁጥሩ የተከፈለበት ቢሆንም፣ ከደረት ላይ ፈትቶ ወደ ቤት መመለስ ነው።