«ዘብ 9» ለሲቪል ሰው ይፈቀድ?

ለክርክር የቀረበው «ዘብ 9» በሐሳብ የተነደፈ እንጂ ገበያ ላይ ያለ መሣሪያ አይደለም፤ 9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ፣ ሰደፉ የሚታጠፍ፣ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ አጭር ጠመንጃ ነው። ተከራካሪዎቹ አንድ የዘጌ ቡና አምራችና አንድ የባሕር ዳር ጠበቃ ናቸው።

አምራቹ፦ ቤቱ ቡና ውስጥ ለብቻው የቆመ ሰው፣ ሌሊት በሩ ሲሰበር፣ ፖሊስ ከባሕር ዳር በመኪናም ሆነ በጀልባ እስኪደርስለት እጁን አጣጥፎ ይጠብቅ ማለት ፍርድ አይደለም። ደግሞስ መሣሪያ ለእኛ መቼ እንግዳ ሆነ? አባቶቻችን ምንሽር ይዘዋል፤ ዛሬ የሚታየው ክላሽ ነው። ክላሽ ግን መምረጫው መሐል ላይ ከዋለ ቃታው እስኪለቀቅ ድረስ ይንጣጣል፤ ይህኛው አይንጣጣም። ሽጉጥም በደነገጠ ሰው እጅ አፈሙዙ ይዋልላል፤ ሰደፍ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ግን ዒላማ መያዝ ይቀላል።

ጠበቃው፦ ጋሼ፣ የሰደፉን ነገር አልክድም። ነገር ግን ፈቃዱ ለዘጌ ብቻ አይሰጥም፤ በከተማችን ብዙ ሰፈር ግቢን ከግቢ የሚለየው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ይህን ጥይት አያቆምም። በርሜሉ ከሽጉጥ በረዘመ መጠን የባሩዱ ጋዝ ጥይቱን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚገፋው ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ሌባውን የሳተው ጥይት የሚያርፈው ጎረቤት ቤት ነው። አንድ በአንድ ይተኩሳል ማለትም አያጽናናም፤ ቀለሁን ራሱ አስፈንጥሮ ቀጣዩን ራሱ ስለሚያጎርስ፣ ጣት በፈጠነ ቁጥር እሱም ይፈጥናል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሲታጠፍ ጋቢ ሥር መሰወሩ ነው። የሲቪል ታጣቂ አገር የምትባለው አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣችው ሕግ በርሜላቸው ያጠረ ጠመንጃዎችን ለይታ በምዝገባ ሥር አድርጋለች።

አምራቹ፦ እንግዲያው ሰደፉ አይታጠፍ፤ እስማማለሁ። የእኛም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን እንጂ በፈቃድ መያዝን አልከለከለም። ሽፍታው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ትጥቅ የሚፈታው ሕግ አክባሪው ብቻ ከሆነ ነው ችግሩ።

ጠበቃው፦ የማይታጠፍ ከሆነማ የተከራከርንበት መሣሪያ ቀረ። ቢፈቀድስ የት ይቀመጣል? ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈ፣ በሩ ሲሰበር በጨለማ ቁልፍ ሲፈልጉ ሌባው ይቀድማል፤ አልጋ ሥር ከተቀመጠ ልጅ ያገኘዋል።

አምራቹ፦ ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ይሆናል።

ጠበቃው፦ ሠርግ ቤት ወደ ሰማይ ለመተኮስ ሲጠየቁስ ያወልቁታል?