ፕላዝማው የወጣ እጅ አያይም

ከአገር ቤት ወዳጆቼ ጋር በስልክ ስንጫወት አንድ ሐሳብ ይደጋገማል፦ መምህር ባጠራቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በኢንተርኔት ቢሰጥስ? ያዋጣ አያዋጣ እንደሆን ይጠና ይላሉ። ይጠና። እኔ ግን ሁለት ጊዜ የተሞከረብኝ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያው በ1997 ዓ.ም. ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በደቡብ አፍሪካዊ አነጋገር ይወርድብናል። ከአርባው ደቂቃ ሠላሳ ያህሉ የእሱ ነው፤ መምህራችን የተረፈችውን ደቂቃ ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል። ፕላዝማው «ሥሩ» ብሎ ጥያቄ ይሰጣል፤ ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ነግሮን ያልፋል። እጅ ቢወጣ ማን ያያል? መብራት ከጠፋም ያመለጠው አመለጠ፤ በማግሥቱ ሌላ ርዕስ ነው። (እውነቱን ለመናገር መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለን እኛን ብቻ አልነበረም፤ መምህሩም ጠመኔውን ሲያነሳ ፊቱ ይፈካ ነበር።)

ሁለተኛው እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ቨርጂኒያ ለነገሩ እንግዳ አልነበረችም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለመመረቅ ቢያንስ አንድ ኮርስ በኢንተርኔት እንዲወስድ ከዓመታት በፊት ደንግጋለች። ሁለተኛ ክፍል ለነበረችው ልጄ መጀመሪያ የታተመ ወረቀት በፖስታ መጣላት፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር። ምንም አልጎደለም። የምንኖርበት ሕንጻ ግን ሐበሻ የበዛበት ነው፤ እናት አዛውንት ስትንከባከብ አድራ ጠዋት ትተኛለች፣ አባት መኪናውን ይዞ ወጥቷል። ልጅ ካሜራውን አጥፍቶ ካርቱን ያያል። ስሙ ሲጠራ «አለሁ» ይላል፤ እንደ ተማረ ይቆጠርለታል።

በዚያው ወር ሰባተኛው ቀን አገር ቤትም ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ታላቅ እኅቴ ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ታስተምራለች። ለከተማው ልጅ ቴሌግራምና ቴሌቪዥን፣ ለገጠሩ ሬዲዮ ተባለ። ስልኩ ያለው ከአባወራው ኪስ ነው፤ ገበያ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ ይበላል። ትምህርቱ በሚተላለፍበት ሰዓት ደግሞ ልጁ ከከብቶቹ ኋላ ነው።

እኅቴ ራሷ ዲፕሎማዋን ያገኘችው በርቀት ትምህርት ነው። ስለዚህ ርቀቱን አትጠላም። «የመማሪያ ሞጁሉን ብቻ ሰጥተውኝ ቢሆን እስካሁን ኩራዝ ሥር ተቀምጬ ነበር» ትላለች፤ «ያወጣኝ ከተማ እየወረድኩ የተከታተልኩት የፊት ለፊት ቱቶሪያል ነው።» ቱቶሪያሉ ላይ የገባትንም ያልገባትንም የሚጠይቃት ሰው ነበረ። ለእኔ ጥናቱ መጀመር ያለበት እዚህ ላይ ነው። የኮምፒውተሩ ቁጥርና የኔትወርኩ ጥራት ኋላ ይደረስበታል፤ መጀመሪያ ከልጁ አጠገብ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ይቆጠር።

ባለፈው እሑድ ሐሳቤን ነገርኳት፦ የታተመ ሞጁል፣ ሬዲዮ፣ በየቀበሌው ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ የሌለው አንድ ወጣት በአበል አስጠኚ ይሁን። ዝም ብላ አዳመጠችኝና፣ «መልካም፤ ለባትሪ ድንጋዩስ ማን ይከፍላል?» አለችኝ።