ስንጥቅ በትዕዛዝ

ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ላብ በሚያስጠምቅ ሙቀት መካከል፣ አናቱ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ። የሠራው ዲዝኒ ነው፤ በውስጡ ለሚያስኬደው የባቡር ጉዞም የኤቨረስትን ስም ሰጥቶታል። ቁመቱ 199 ጫማ ተኩል ነው። ይህን ሁሉ ከቆለሉ በኋላ ለግማሽ ጫማ ለምን ሰሰቱ ቢባል፣ አሜሪካ ውስጥ ከ200 ጫማ ያለፈ ግንባታ ለአውሮፕላን ማስጠንቀቂያ የሚሆን መብራት አናቱ ላይ መትከል ስለሚጠበቅበት ነው። ሂማላያ ጫፍ ላይ ቀይ አምፖል ብልጭ ድርግም ቢል ደግሞ ማን ያምናል? እንግዲህ አንዲት አምፖል ሕልሙን ታበላሽብናለች ብለው ተራራ ያሳጠሩት እነዚህ ጥንቁቅ ሰዎች ናቸው፣ በተራራው ሆድ ውስጥ ያስቀመጡትን አውሬ በመብራት ምክንያት መሳቂያ ያደረጉት።

አውሬው የቲ ይባላል። በሂማላያ በረዶ ውስጥ ይኖራል እየተባለ የሚወራለት ጠጉራም ሰው መሳይ ግዙፍ ፍጡር ነው። ዲዝኒ በብረትና በማሽን ሠራው፤ ቁመቱ ከ7 ሜትር በላይ፣ ክብደቱ 9 ቶን ገደማ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2006 ተራራው ተመርቆ ሲከፈት ወጪው 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደነበር ተነግሯል። ጎብኚው የሻይ ቅጠል ማመላለሻ በሚመስል ያረጀ ባቡር ተሳፍሮ ተራራውን ይወጣል። ጫፍ ሲደርስ ሃዲዱ ተገንጥሎ ይጠብቀዋል። ባቡሩ በጨለማ ወደ ኋላ ይምዘገዘጋል፤ ዞሮ ዞሮ ሊወጣ ሲል የቲው ከላይ እጁን ሰንዝሮ ሊመነትፈው ይቃጣል። ሰው ይጮኻል። የከፈለው ለመጮህ ነውና ደስ ብሎት ይወጣል።

ብዙም ሳይቆይ የቲው እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

ጠግኑት እንዳይባል፣ የቆመው 14 ሜትር በሚሆን ማማ ላይ ነው፤ ማማው ደግሞ ያለው ተሠርቶ ባለቀና በተዘጋ ተራራ ውስጥ ነው። ቁም ሳጥኑን መኝታ ቤት ውስጥ ገጣጥሞ ከጨረሰ በኋላ በበሩ እንደማይወጣ የተረዳ ሰው ችግሩን በሚገባ ያውቀዋል። እናም የዓለም ቁጥር አንድ የመዝናኛ ኩባንያ፣ መሐንዲሶቹና ሠዓሊዎቹ ሁሉ ተሰብስበው የደረሱበት መፍትሔ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ፊቱ ላይ መትከል ሆነ። መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ የማይነቃነቀው ፍጡር የሚነቃነቅ ይመስላል። ጎብኚዎች ግን አልተሸወዱም፤ ወዲያው «ዲስኮ የቲ» የሚል ስም አወጡለት። ሰው ሊበላ የተሠራ አውሬ የምሽት ክበብ ጨፋሪ ሆኖ ቀረ፤ ለዚያውም የማይጨፍር።

የተራራውንም የመላውን ፓርክ ንድፍ የመራው ጆ ሮዲ በ2013 አድናቂዎቹ ፊት ቆሞ አንድ ቀን እንደሚያስጠግነው በመሐላ ተናገረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በ2021 መጀመሪያ ሮዲ ጡረታ ሲወጣ የቲው እጁን እንደዘረጋ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሊሰናበተው ይሆናል። በ2022 ተራራው ለጥገና ተብሎ ለሦስት ወር ያህል ተዘጋ። የአድናቂው ልብ ተንጠለጠለ። በሩ ሲከፈት ሌላ ሌላው ተስተካክሎ፣ የቲውና መብራቱ እንደነበሩ ተገኙ። ጥገና ማለት ከተበላሸው በቀር ያለውን ሁሉ መነካካት መሆኑን እኛ ድሮም እናውቃለን፤ ፈረንጅ እንዲህ ሲያደርግ ማየት ግን ልዩ ጣዕም አለው።

የቲውን እዚያው ትተን ወደ አፍሪካ እንሻገር፤ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።

ተራራው ያለበት ፓርክ አኒማል ኪንግደም ይባላል። ኦርላንዶ አጠገብ ከ200 ሄክታር በላይ በሆነ መሬት ላይ በ1998 የተከፈተ፣ እውነተኛ እንስሳትና የማሽን እንስሳት በአንድ ግቢ የሚያድሩበት ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ ሀራምቤ የሚባል የምናብ ከተማ አለ፤ መልኩ ከኬንያዋ ላሙና ከሌሎች የስዋሂሊ ጠረፍ ከተሞች የተቀዳ። የሀራምቤ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ልስኑ ተላልጦ ከሥሩ ድንጋዩ አግጥጧል። ቀለሙ ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። ይህ ሁሉ ግን የዕድሜ ሥራ አይደለም፤ የባለሙያ ሥራ ነው። ግድግዳውና ስንጥቁ መንታ ናቸው፤ በአንድ ቀን ተወልደዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። እኛ ዘንድ ስንጥቅ ከግንበኛው በምርቃት የሚገኝ ነገር ነው፤ ሥዕል ተነሥቶለት፣ በጀት ተይዞለት፣ «እዚህ ጋ ትንሽ ይሰንጠቅ» ተብሎ ሲታዘዝ አልሰማሁም። በቀለም የተሠራ ስንጥቅ ደግሞ እንደ ማንኛውም ቀለም ይደበዝዛልና መታደስ አለበት። አስቡት፤ ማልዶ ተነሥቶ ስንጥቅ የሚያድስ ሠራተኛ! ለወላጆቹ ሥራውን እንዴት ብሎ ያስረዳል?

መንገዱም እንዲሁ ነው። የሳፋሪው መኪና የሚሄድበት ቀይ አፈር የሚመስል ነገር ሲሚንቶ ነው። ሳይደርቅ የአፈር ቀለም ተሰጥቶት፣ ጎማ ተነድቶበት፣ ጠጠርና ጭራሮ ተበትኖበት ነው እንደ ኮረኮንች የደረቀው። እኔ ይህን አስቀድሜ አንብቤ ስለነበር ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ለመጡት አክስቴ በዕውቀቴ እየተኩራራሁ አስረዳኋቸው። ሾፌሯ «ያዝ ያዝ አድርጉ፣ መንገዱ አስቸጋሪ ነው» ስትል ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲሚንቶ ነው አላልከኝም?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ሲሚንቶውን ካገኙት ምን አስቸገራቸው?»

«ሆን ብለው ነው፣ አክስቴ። አፍሪካ እንዲመስል።»

መኪናው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አንገጫግጮን ወጣ። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የእኛ ሰፈሩስ በነጻ ነበር» አሉ።

ሀራምቤ ተመልሰን ጥላ ፍለጋ አንድ ግድግዳ ተጠግተን ቆምን። አክስቴ መነጽራቸውን አደረጉና የተላጠውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፈገፈጉት። አንዲት ፍንካች አልረገፈችም። ደግመው ፈገፈጉት። ከሥሩ የሚታየውንም ድንጋይ አንኳኩ። «ይህ ቤት ምንም አልሆነም» አሉ፣ የተታለሉ ያህል ቅር ብሏቸው። እሳቸው ሳሎን ቢሆን በዚያ ፍግፈጋ እፍኝ ሙሉ ልስን ወርዶ ነበር።

እንስሳቱን በሚመለከት ግን አልዋሽም፤ እንክብካቤው አንጀት ያርሳል። ፊኛ አይሸጥም፤ የፕላስቲክ መምጠጫ አይሰጥም፤ አንዱ እንስሳ ውጦት እንዳይታነቅ። አንበሶቹ ጋደም የሚሉበት ትልቅ ድንጋይ ደግሞ ሙቀቱ ከውስጥ የሚስተካከል ነው፤ ምቾቱን ፈልገው እዚያው ጉብ ብለው እንዲታዩ። አክስቴ ይህን ሲሰሙ የአንበሳውን ኪራይ ጠየቁኝ።

እንዲህ ነው ነገሩ፤ በዚያ ግቢ የተሰበረ የሚመስለው ሁሉ ደህና ነው፤ የተሰበረው አንድ ነገር ደግሞ ደህና እንዲመስል መብራት ተገዝቶለታል። ይህን የምለው ለማሾፍ ብቻ አይደለም። ምክንያቱን ሳሰላስል የደረስኩበት ነገር ሪባን ነው። ለአዲስ ነገር ሪባን ይቆረጣል፤ ፎቶ ይነሣል፤ አለቃው ንግግር ያደርጋል። የተጠገነ የቲ ፊት ግን ማን ቆሞ ሪባን ይቆርጣል? «ይህ ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ ይሠራው የነበረውን ይሠራል» ተብሎ እንዴት ይነገራል? ስለዚህ አለቃ የሆነ ሁሉ፣ ኦርላንዶም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ጥገና ሲጠየቅ የማስፋፊያ ዕቅድ ይዞ ይመጣል።

ማስፋፊያውም ቢሆን አያስፈልግም አይባልም። ፓርኩ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ የግማሽ ቀን ቦታ ነው እየተባለ ሲታማ ኖሯል፤ ጠዋት ሳፋሪውን ያየ ሰው ከምሳ በኋላ የሚሳፈርበት ያጣል ይባላል። በ2017 ፓንዶራ የሚባል፣ ከፊልም የተቀዳ፣ ተራሮቹ አየር ላይ የተንሳፈፉበት ሰፈር ተከፈተና ሰልፉ ጎረፈ። የሚንሳፈፍ ተራራ መሥራት ችለው አንድ እጅ ማንቀሳቀስ አቃታቸው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህንን አይቶ ይመስላል።

አሁን ደግሞ ተረኛው የዳይኖሰሮቹ ሰፈር ነው። የዚህ ሰፈር አንዱ ክፍል አስፋልት ላይ በርካሽ የተተከለ የመንገድ ዳር ትርኢት እንዲመስል ሆን ተብሎ የተሠራ ነበር። ጎብኚው ርካሽ ይመስላል ብሎ ሲያማርር ዓላማው ራሱ እሱ መሆኑ ይነገረዋል፤ እንዲህ ዓይነት የማያስረታ መልስ ለስንት ኮንትራክተር በጠቀመ! ከማሽኖቹ አንዱ በ2020 ተዘጋ፤ የቀረው ትርኢት በ2025 መጀመሪያ፣ ትልቁ የዳይኖሰር ጉዞ ደግሞ በ2026 መጀመሪያ ተከተሉት። ቦታው ላይ የላቲን አሜሪካን ሐሩራማ ምድር የሚያሳይ ሰፈር እየተሠራ ነው፤ ለ2027 ይደርሳል ተብሏል። የተዘጋው ጉዞ ታሪክ የሰማይ ድንጋይ ምድርን ከመምታቱ በፊት ወደ ኋላ ዘመን ሄዶ አንድ ዳይኖሰር ማዳን ነበር። ከሰማይ ድንጋይ ያዳኑትን እንስሳ ከማስፋፊያ የሚያድነው ጠፋ፤ የልማት ተነሺ ሆኖ ሄደ። ምትክ ቦታ ስለመሰጠቱ ግን የተባለ ነገር የለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ዘንዶው ነው። ፓርኩ ሲመረቅ ቃል የተገባው ሦስት ዓይነት እንስሳ ነበር፤ በሕይወት ያሉት፣ የጠፉትና በምናብ የሚኖሩት። ለሦስተኞቹ ዘንዶና ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ የሚኖሩበት ሰፈር ታቅዶ ነበር። በጀት አጠረና ቆየ። ቦታው ባዶ እንዳይቀር «ለጊዜው» ተብሎ ለልጆች ካምፕ መሳይ መዝናኛ ተሠራበት። ያ ለጊዜው እስከ 2014 ድረስ ቆየ፤ ከዚያም ፈርሶ ፓንዶራ ተተከለበት። ዘንዶው ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በፓርኩ ዓርማ ላይ ከዝሆኑና ከአንበሳው ጋር ተሰልፎ አለ። ቲሸርት ላይ አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ ለዚያውም የላሟን ፎቶ አትመው ይሸጡልናል።

ባለ አንድ ቀንዱ ፈረስ ግን ሙሉ በሙሉ አልተረሳም፤ የመኪና ማቆሚያው አንዱ ክፍል በስሙ ተጠርቶለታል። አመሻሽ ላይ ደክሞን ስንወጣ አክስቴ መኪናችን የት እንዳለ ጠየቁኝ። «ባለ አንድ ቀንዱ ፈረስ ጋ» አልኳቸው።

«ቀኑን ሙሉ ስታዞረኝ ውለህ እሱን ሳታሳየኝ ልትወስደኝ ነው?» ብለው ቆሙ፤ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ አላናገሩኝም።